እፍኝ ሩዝ

ድስቱ ሳይጣድ ገና፣ ሩዙም ሳይታጠብ፣
አንድ እፍኝ ትቀንስ ነበር እናቴ ከቤቱ ቀለብ፤
በር ጥግ ባለው ጣሳ ለቤተ ክርስቲያን ልታጠራቅም።
በአይዞል ኮረብታ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤
ያለውም የሌለውም በእጁ ነው የሚሰፍረው፤
የሀብታሙም እጅ ያው እጅ ነው።

ያን ጣሳ ሰረቅሁ።
አንዴ ቢሆን ደግ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደሆን አላስታውስም።
ከቲያው ወንዝ ማዶ የሚሻገረው ዱቄት ጧት ሲጠራ አይታገሥም።
የእግዜርን ሩዝ በላስቲክ ቋጥሬ፣
ለገበያ ሴት አቀረብሁ፣ ክንዴን በእጅጌ ሰውሬ።
ያወቀችብኝ መሰለኝ፤ ዐይኗን ከሚዛኑ አላነሣችም፤
ዋጋውን ግን ቀነሰች። የሌባ ሩዝ አይከብድም።

በዝናቡ ወራት ወስደው አስገቡኝ፣
አምስት ወንዶች ከተኙበት፣ ቁልቁለት ላይ ከተንጠለጠለ ቤት።
ላቤ ፍራሹን አልፎ ወለሉን ያርሰዋል፤
አጥንቴ ውስጥ አንድ ሰው ቀርከሃ ይሰብራል።
ሽማግሌው ዛዲንጋ መጣ፣
በአንድ እጁ ባልዲ፣ በብብቱ መጽሐፍ፤
ባልዲውን አስቀደመ፤ እስኪያልፍልኝ ጠበቀ፤ ከዚያ ነው ገጹን የገለጠው።
ስለዚያ ሰው አነበበልኝ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት
በመጠመቂያው ዳር ስለተኛው፣ ውኃው በተናወጠ ቁጥር ስለሚቀድሙት።
ጌታም ጠየቀው ይላል፣ መዳን ይፈልግ እንደሁ።
«ይሄም ጥያቄ ነው?» ብዬ ተቈጣሁ።
«መዳን የሚጠላ በሽተኛ የት አለና?»
ዛዲንጋ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና፣
«ሰውየው አዎ አላለም» አለኝ፤ «እስቲ ስማ እንደገና።»

እውነትም አላለም።
ሰው የለኝም አለ፤ ሌላ ይቀድመኛል አለ።
እኔስ? ስንቱን ከስሼ ነበር! ድንበሩን፣ ፖሊሱን፣
በልጅነቴ የሞተ አባቴን፣ መርፌውን ያቀበለኝን።
ያን ሌሊት ግን በትውከቱ መሀል ፍርሀቴን አገኘሁት፦
አልጋዬን ካነሣሁ ወዴት ነው የምገኝ?
ያ ነገር ከወጣልኝ፣ የሚቀረው ማነኝ?

በአንድ ቃል ተነሣሁ ብዬ አልዋሽም።
ነርሷ የሰጠችኝን መድኃኒት ውጫለሁ፤
አንድ ማታም አጥር ዘልዬ ጠፍቻለሁ፤
በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ሸጬ፣ በባዶ እግሬ በሩን አንኳኳሁ።
ዛዲንጋ የት ነበርህ አላለም።
«ካቆምንበት እንቀጥል» አለ፤ ምልክት ያደረገበት ገጽ
የአውቶቡስ ትኬት ነበረበት።

ቤቴ ስመለስ በር ጥግ ሁለት ጣሳ አየሁ።
«ሁለተኛው የማነው?» ብዬ ጠየቅሁ።
እናቴ ሮፑዪ ቀና ሳትል ሽንኩርቷን እየከተፈች፣
«አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ የሌባ ነው» አለች፤
«ሌባው ልጄ ነው፤ ባዶ እጁን እንዳይሄድ።»
መልስ አጣሁ። ጓሮ ወጥቼ ማንም ያላዘዘኝን እንጨት
ፈለጥሁ፣ ፈለጥሁ፣ ምሳሩ እስኪጨልምበት።

አሁን በየቅዳሜው የሰፈሩን ሩዝ የምሰበስብ እኔ ነኝ።
ዛዲንጋ ነው የሾመኝ፤ «ሌባ መንገዱን ያውቃል» ብሎ ሳቀብኝ።
ጆንያዬን ይዤ ደረጃ ለደረጃ ሽቅብ እወጣለሁ፤
አንዳንዷ ዐይኗን ከእጄ አትነቅልም፤
አልፈርድባትም፤ እኔም እጄን ገና አላምነውም።
ይንቀጠቀጣልና ፍሬ ያንጠባጥባል፤
የጎረቤት ዶሮ ይህን ተምራ በየመንገዱ ትከተለኛለች።

የዓመት አልለምንም። ጸሎቱም የዓመት አይልም፤
የዕለት ነው የሚለው፤ ለነገ እፍኝ አይሰፍርም።
ሌሊት ያ ጥያቄ ይመጣል፣ መዳን እፈልግ እንደሁ፤
አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴም ዝም እላለሁ።
ሲነጋ ግን፣ ድስቱ ሳይጣድ፣ እጄን ከሩዙ አገባለሁ፤
አንድ ለቤተ ክርስቲያን፤
አንድ ደግሞ፣ በዚህ ቁልቁለት
እጅጌውን ስቦ ለሚመጣው፣ ስሙን ለማላውቀው።